ተንሸራታቹ ስልክና በውስጡ የቀሩት ፎቶግራፎች

በቤታችን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርትና ምን ይከፍቱ እንደነበር የተረሱ ቁልፎች የሚጠራቀሙበት ነው። ከእነዚህ መካከል በመሐረብ የተጠቀለለ፣ ከመዳፍ የማይተርፍ አንድ የሞባይል ቀፎ ይገኛል። የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጉት «ቀጭ» ብሎ ይንሸራተትና ከሥሩ የቁጥር መምቻዎቹ ብቅ ይላሉ። በጀርባው በኩል ደግሞ የምስር ፍሬ የምታክል የካሜራ ዓይን ትገለጣለች። በሰፈራችን «ስላይድ» እንለው ነበር። ይህ ቀፎ መሥራት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ቢሆንም ከቤተሰቡ ሊጥለው የደፈረ የለም። በውስጡ የአያቴ ፎቶግራፍ አለበት፤ ሌላ ቦታ የለም።

የቀፎውን ሠሪ ኩባንያ ስም እዚህ አልጠራም። የደረሰብን ነገር የአንድ ፋብሪካ ጥፋት ሳይሆን የአንድ ዘመን አሠራር ውጤት ነው ብዬ አምናለሁና። ይህን ለማለት ግን የዘመኑን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህም የእኛን ቀፎ ለጊዜው ወደ ቆርቆሮው መልሰን፣ ካሜራ ከያዙት ተንሸራታች ስልኮች መካከል በስፋት የታወቀውን ቀዳሚ፣ ማለትም ኖኪያ 7650ን በሚዛን ላይ እናስቀምጠው።

«ከሃያ ዓመት በላይ ያለፈውን ስልክ ዛሬ መገምገም ምን ይፈይዳል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። አዲስ ዕቃ በወጣ ሰሞን የሚገመግመው ሰው የሚያየው ዕቃው ምን መሥራት እንደሚችል ነው። ዘመን ካለፈ በኋላ የሚገመግመው ግን ዕቃው ምን ትቶልን እንደሄደና ምን ይዞብን እንደሄደ ያያል። የመጀመሪያው ዓይነት ግምገማ በጊዜው በገፍ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ገና አልተጻፈም ማለት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመላክ የተወለደ ካሜራ

የካሜራ ስልክ ታሪክ አንድ የወሊድ ክፍል ውስጥ ይጀምራል ቢባል ብዙ ከእውነት አይርቅም። በጁን 11 ቀን 1997 በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ከተማ፣ ፊሊፕ ካን የተባለ የኮምፒዩተር ባለሙያ ባለቤቱ ምጥ ላይ ሳለች ሦስት ዕቃዎችን በሽቦ ሲያያይዝ ነበር። እነርሱም ዲጂታል ካሜራ፣ የእጅ ስልክና ላፕቶፕ ናቸው። ልጁ ሶፊ እንደተወለደች ፎቶግራፏን አነሣና እዚያው ሆኖ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ዘመድ ወዳጆቹ ላከ። ልብ እንበል! ሰውየውን የቸገረው ካሜራ ማጣት አልነበረም። ካሜራማ በእጁ ነበር። የቸገረው ማድረስ ነው። የምሥራቹ ፊልም እስኪታጠብ ድረስ እንዲቆይ አልፈለገም።

ከዚያ በኋላ ፈር የቀደዱት እስያውያን ናቸው። በ1999 ኪዮሴራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ቪፒ-210 የተሰኘ፣ ተነጋጋሪዎች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ስልክ አወጣ። ካሜራው 110,000 ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል ብቻ ነበረው፤ ማከማቸት የሚችለውም 20 ፎቶ ያህል ነው። በ2000 ሳምሰንግ በደቡብ ኮሪያ ካሜራ ያለው ስልክ ለገበያ አቀረበ። ይሁንና ካሜራውና ስልኩ በአንድ ቀፎ ውስጥ አብረው ይኑሩ እንጂ አይነጋገሩም ነበር። ፎቶውን ለማውጣት ቀፎውን ከኮምፒዩተር ጋር ማገናኘት ግድ ይላል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር የሻርፕ ኩባንያ ጄ-ኤስኤች04 የተባለውን ስልክ ጄ-ፎን ለተሰኘው የጃፓን የስልክ ድርጅት ሠራ። ይኸኛው ያነሣውን ፎቶ ያለ ኮምፒዩተር፣ በራሱ መላክ ይችላል። ሰው ራሱን እያየ እንዲያነሣ ከካሜራው ዓይን ጎን ትንሽ መስተዋት ተለጥፎለት ነበር። ለአገልግሎቱ የወጣለት ስም «ሻ-ሜል» ነው፤ «የፎቶ ደብዳቤ» እንደማለት ነው።

«የመጀመሪያው የካሜራ ስልክ የትኛው ነው?» በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ክርክሩ የሚነሣው ትርጉሙ ስላልተወሰነ ነው። ካሜራና ስልክ በአንድ ቀፎ መኖራቸው ብቻ ይበቃል ካልን ዋንጫው ለአንዱ ይሆናል፤ መላክም ይጨመር ካልን ለሌላው። ጃፓኖች በስሙ ላይ «ደብዳቤ» የሚለውን ቃል ማስገባታቸው ግን አንድ ነገር ይነግረናል። በዚያን ጊዜ አስተሳሰብ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ ማስታወሻ ሆኖ የሚቀመጥ ሳይሆን ደብዳቤ ሆኖ የሚላክ ነበር።

ሁለት ጠበኞች በአንድ ቀፎ

አሁን ወደ መንሸራተቱ እንምጣ። ስልኩ ለምን ተንሸራተተ? ለጌጥ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። የእጅ ስልክ ሲፈለሰፍ ጀምሮ በገጹ ላይ ሁለት ጠበኞች ነበሩት፤ ስክሪንና የቁጥር መምቻ። ቀፎው ከኪስ እንዳይተርፍ ከተፈለገ ስክሪኑ ሲሰፋ መምቻዎቹ ይጠብባሉ፤ መምቻዎቹ ሲሰፉ ስክሪኑ ያንሳል። ስልክ ለመነጋገሪያ ብቻ በነበረበት ዘመን ስክሪኑ ቢበደል ግድ አልነበረም፤ የቁጥር መስመር ካሳየ በቂ ነው። ፎቶግራፍ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ድርሻዬን ካላገኘሁ አለ።

ጠቡን ለመፍታት ሁለት መንገድ ተሞከረ። አንደኛው እንደ መጽሐፍ ማጠፍ ነው። ታጣፊ ስልክ ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ሲታጠፍ ትልቁ ስክሪን ይሸፈናል። ሁለተኛው አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ማንሸራተት ነው። ተንሸራታቹ ሲዘጋም ሲከፈትም ስክሪኑ እንደታየ ነው። ተደብቀው ጊዜያቸውን የሚጠብቁት መምቻዎቹ ናቸው።

ሐሳቡ ከካሜራው ይቀድማል። በ1996 የወጣው ኖኪያ 8110 መምቻዎቹን የሚሸፍን ተንሸራታች ክዳን ነበረው። ቆልመም ያለ ቅርጹ «ሙዝ» የሚል ቅጽል አሰጥቶታል፤ በ1999 ማትሪክስ በተባለው ፊልም ላይ መታየቱም ዝናውን አገነነው። ይሁንና የሚንሸራተተው ክዳኑ ብቻ ነው። በ1999 ገበያ ላይ የዋለው የጀርመኑ ሲመንስ ኤስኤል10 ግን ከላይና ከታች ሁለት ክፍል ሆኖ በመንሸራተቱ የእውነተኛው ተንሸራታች አባት ተብሎ ይቆጠራል።

7650 ሲመዘን

ኖኪያ 7650 በኖቬምበር 2001 ባርሴሎና ላይ ለሕዝብ ታይቶ በ2002 አጋማሽ ለሽያጭ ቀረበ። ካሜራ በውስጡ የተሠራለት የኖኪያ የመጀመሪያው ስልክ ነው። ሲምቢያን በተባለው ሥርዓት ላይ የተመሠረተውን «ሲሪስ 60» የተሰኘ አሠራር ይዞ የወጣ የመጀመሪያው ስልክም እርሱ ነው። በዚህም ምክንያት ባለቤቱ እንደ ኮምፒዩተር ተጨማሪ ፕሮግራም ሊጭንበት ይችል ነበር።

በመጠን እንጀምር። ርዝመቱ 114፣ ወርዱ 56፣ ውፍረቱ 26 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 154 ግራም። በዛሬ ዓይን ወፍራም ነው። በዚያን ዘመን ሚዛን ግን ካሜራ፣ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ብሉቱዝ፣ ኢንፍራሬድና ኢንተርኔት በአንድነት ይዞ ከደረት ኪስ የሚገባ ዕቃ ብርቅ ነበር። ስክሪኑ 4,096 ቀለም ያሳያል። ከስክሪኑ ሥር በአውራ ጣት ወደ አራት አቅጣጫ የምትገፋ ትንሽ ዘንግ አለችው። ስልኩ ሳይከፈት ብዙ ነገር በእርሷ ብቻ ይከናወናል። ቁጥር መምታት ወይም ፎቶ ማንሣት ሲፈለግ ቀፎው ይንሸራተታል። መምቻዎቹ ከፊት፣ የካሜራው ዓይን ከኋላ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። ሲዘጋ ዓይኑ ስለሚሸፈን ከኪስ ውስጥ አቧራና ከቁልፍ ጭረት ይድናል። በእኔ አመለካከት የዚህ ስልክ ትልቁ ብልኃት ይህ ነው። ለካሜራው ሌላ ክዳን ሳያስፈልግ ያው መክፈቻ ክዳን ሆኖ አገለገለ።

ካሜራው በበኩሉ 640 በ480 ነጥብ ያነሣል፤ ሲባዛ 307,200 ነው። ዛሬ የተለመደ የስልክ ካሜራ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው ብንል አርባ እጥፍ ገደማ ይበልጠዋል። የ7650 ፎቶ በጥሩ ጥራት ወረቀት ላይ ቢታተም 5 ሣንቲ ሜትር ተኩል በ4 ሣንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። ለመታወቂያ ከምንነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ ብዙም አይተርፍም ማለት ነው። ፍላሽ የለውም። ፀሐይ ባለበት የሚያስመሰግን ሥዕል ይሰጣል፤ ማታ ቤት ውስጥ ግን ሰውና ግድግዳ ይቀላቀሉበታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የስልኩ ስክሪን 176 በ208 ነጥብ ብቻ ነው፤ ሲባዛ 36,608። እንግዲህ ስልኩ ያነሣውን ፎቶ ራሱ በሙሉ ማሳየት አይችልም ነበር። ከስምንቱ ነጥብ አንዱን ያህል ብቻ እያሳየ ሌላውን ይዞ ይቀመጣል። ዓይኑ የሚያየው ፊቱ ከሚያሳየው ይበልጣል።

ዋናው ነቀፌታ ግን ሌላ ነው። ለተጠቃሚው የተተወለት የማከማቻ ቦታ 3.6 ሜጋባይት ያህል ነበር። የስልክ ቁጥሮቹ፣ መልእክቶቹ፣ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹ ሁሉ የሚካፈሉት ይህንኑ ነው። አንዱ ፎቶ 50 ኪሎባይት ቢይዝና ቦታው ሁሉ ለፎቶ ቢለቀቅ እንኳ ከ70 ብዙም አያልፍም። የሜሞሪ ካርድ መክተቻ ደግሞ ጨርሶ አልተሠራለትም። በ2003 ገበያ ላይ የዋለው ወንድሙ ኖኪያ 3650 ካርድ የሚቀበል መሆኑን ስናይ፣ ኩባንያው ራሱ ጉድለቱን እንደተረዳ መገመት ይቻላል።

ታዲያ ይህን ያህል ያሰቡ መሐንዲሶች ይህን እንዴት ሳቱት? እኔ ሳቱት አልልም። እነርሱ ያሰቡት ፎቶው ስልኩ ላይ እንዲኖር አልነበረም። በዚያው በ2002 የአውሮፓ የስልክ ድርጅቶች ኤምኤምኤስ የተባለውን የፎቶ መልእክት አገልግሎት መጀመር ላይ ነበሩ። ፎቶ ይነሣል፣ ይላካል፣ ይሰረዛል፣ ሌላ ይነሣል፤ ለእያንዳንዱም መላኪያ ይከፈላል። ተቀባዩ ፎቶ የሚቀበል ስልክ ከሌለው በኢንተርኔት ገብቶ እንዲያይ የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። 7650 የተሠራው ለፖስታነት እንጂ ለሣጥንነት አልነበረም። ፖስታ ጠባብ ነው ተብሎ አይነቀፍም፤ ደብዳቤውን ካደረሰ ሥራው አልቋል።

ያነሰውና የተሻለው

ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ተንሸራታቾቹ በእርግጥ ትንንሽ ሆኑ። በ2004 መጨረሻ ብቅ ያለው ሳምሰንግ ዲ500 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ክብደቱ 99 ግራም ሲሆን ከ7650 በ55 ግራም ይቀላል። ርዝመቱም በ2 ሣንቲ ሜትር ገደማ ያጥራል። ካሜራው 1.3 ሜጋፒክስል ነው፤ ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። በፌብሩዋሪ 2005 በፈረንሳይ፣ ካን ከተማ በተካሄደው የሞባይል ጉባኤ ላይ የዓመቱ ምርጥ ቀፎ ተብሎ ተሸለመ። ከዚህ ወዲያ ተንሸራታች ስልክ የባለሙያዎች መጫወቻ መሆኑ ቀርቶ የወጣቶች ሁሉ ምኞት ሆነ። መክፈቱና መዝጋቱ ራሱ ሱስ ነበር። ሰው ወረፋ ሲጠብቅ፣ ሲጨነቅ፣ ሲሽኮረመም «ቀጭ፣ ቀጭ» ያደርገዋል።

ካሜራው እየረቀቀ ሲሄድ ፍርሃትም አብሮ መጣ። ደቡብ ኮሪያ ከ2004 ጀምሮ የካሜራ ስልኮች ፎቶ ሲያነሡ ድምፅ እንዲያሰሙ ደነገገች። በሳዑዲ ዓረቢያም በዚያው ዓመት ማብቂያ እስኪፈቀዱ ድረስ ታግደው ነበር። በሌላ በኩል በጁላይ 7 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ በምድር ውስጥ ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ፣ ዓለም በጭስ የታፈኑትን ዋሻዎች ያየው ተሳፋሪዎች በስልካቸው ባነሷቸው ብዥታ የሞላባቸው ፎቶዎች ነው። የጥራታቸው ነገር ማንንም አላሳሰበም። ዋጋቸው መድረሳቸው ነበር። የመሐንዲሶቹ ሐሳብ በዚያ ቀን ትክክል ሆነ።

ከዚህ ሁሉ ጥቅሙ ጋር ተንሸራታች ቀፎ አንድ ደካማ ጎን ነበረው። የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የሚያገናኘው እንደ ሪባን የሳሳ ሽቦ ነው፤ ጠጋኞች «ፍሌክስ» ይሉታል። ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይተጣጠፋል። በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ከታጠፈ በኋላ አንድ ቀን ይበጠሳል፤ ስክሪኑም ይጨልማል። ስልኩን ተወዳጅ ያደረገው ያው እንቅስቃሴ ዕድሜውንም ያሳጥረዋል ማለት ነው። በመጨረሻ ግን ተንሸራታቹን ከገበያ ያስወጣው ፍሌክሱ አልነበረም። በ2007 አይፎን ወጥቶ መምቻዎቹ በስክሪኑ ላይ ሲሣሉ፣ ያ የድሮ ጠብ ሳይታረቅ በአንዱ ሞት አለቀ። የሚያጣላ ከሌለ አስታራቂም አያስፈልግም።

ፖስታው ሣጥን ሲሆን

በኢትዮጵያ የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1999 ነው። ካሜራ ያላቸው ቀፎዎች ወደ እኛ የደረሱት በአብዛኛው በሰው ሻንጣ ነበር። ከዱባይ፣ ከቤይሩት፣ ከጅዳ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ለአንዱ ሽቶ፣ ለአንዱ ጫማ፣ ለዕድለኛው ደግሞ ስልክ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ስልኩ ከወጣበት አገር ሲለይ ከተሠራለት ዓላማም ተለየ። ከ2005ቱ ምርጫ በኋላ በአገራችን አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ ሴፕቴምበር 2007፣ ማለትም እስከ ኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ ድረስ ሳይከፈት ቆይቷል። «ደኅና ገባሁ» የሚል ሁለት ቃል መላክ ባልተቻለበት ጊዜ ፎቶግራፍ ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው በአየር ይላካል ብሎ ማን ያስባል?

ስለዚህ እኛ ዘንድ ፖስታው ሣጥን ሆነ። ፎቶው ይነሣል፤ ከዚያ እዚያው ይቀመጣል። ከተንቀሳቀሰም የሚንቀሳቀሰው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በብሉቱዝ ሲቀባበሉ ወይም የኢንፍራሬድ ዓይኖቻቸውን አፍ ለአፍ ሲገጥሙ ብቻ ነው። ወደ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ለማውጣትም የየስልኩ ገመድ የተለያየ ነበር። የአንዱ ኩባንያ ገመድ ለሌላው አይሆንም፤ አንዳንዴ የዚያው ኩባንያ ሁለት ስልኮች እንኳ አንድ ገመድ አይጋሩም።

ከዚያ በፊት የነበረውን እናስታውስ። ሰው ፎቶ ቤት ሄዶ ሲነሣ የሚቀበለው ወረቀት ነው፤ ኔጋቲቩ ደግሞ ፎቶ ቤቱ ጋ ይቀራል። ወረቀቱ ቢቀደድ ሌላ ይታጠባል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እንዲሉ፣ ወረቀት የያዘውን ይዞ የልጅ ልጅ ዘንድ ይደርሳል። እነዚያ ስልኮችም የያዙትን አይለቁም ነበር። ልዩነቱ ወረቀት የያዘውን እያሳየ የማይለቅ ሲሆን ስልኩ ግን ደብቆ የማይለቅ መሆኑ ነው። በእኔ ግምት በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተኙት የዚያ ዘመን ቀፎዎች ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃትና በሕይወት የሌሉ ሰዎችን ፊት ይዘዋል። የአያቶቻችን ፎቶ በግድግዳ ላይ አለ፤ የዛሬ ልጆች ፎቶ በየደቂቃው ይነሣል። መካከል ላይ ያሉት አምስት ስድስት ዓመታት ግን የተቀደደ ገጽ ሆነዋል።

የእኛ ቀፎ

አክስቴ ከዱባይ ለዕረፍት የመጣችው በ2006 ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ያን ስላይድ ስልክ ይዛ መጣችና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያቴ ቡና ስታፈላ ከፍታ ደቀነችባት።

«ምንድን ነው የምትጠቁሚብኝ?» አለች አያቴ።

«እማዬ፣ ፎቶ እያነሣሁሽ እኮ ነው።»

«በስልክ? አይ አንቺ ልጅ! ነጠላዬን እንኳ ሳላስተካክል።»

አያቴ በዕድሜዋ ፎቶ የተነሣችው ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነበር፤ እርሱም ማኅተም ግንባሯ ላይ አርፎበታል። አክስቴ ስልኩን ለእናቴ ሰጥታ ሄደች፤ ፎቶውን «በኋላ ትልኩልኛላችሁ» ብላ። አልላክንም። በስልክ መላክ አይቻልም፤ ገመዱ የለም፤ ወደ ዱባይ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ስልኩን አውሶ መስጠትም አልሆነም። አያቴ በ2008 ዐረፈች። አክስቴ ለቀብር መድረስ አልቻለችም። በዚያው ዓመት ስልኩን ሳንሸራትተው ስክሪኑ ጨለመ። ከዚያ በኋላ አክስቴ በየዓመቱ፣ ለእንቁጣጣሽና ለገና ስትደውል፣ ሌላውን ሁሉ ጠይቃ ስትጨርስ «ያቺን ፎቶ አላወጣችሁልኝም?» ትላለች። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሣ ነው ቀፎውን ከቆርቆሮው አውጥቼ መርካቶ ወደሚገኝ አንድ ጠጋኝ የወሰድኩት። በእርሱ ዕድሜ እንዲህ ዓይነቱን ስልክ አይቶ ማወቁን ተጠራጥሬ ነበር። ከፈተና በአጉሊ መነጽር አየው።

«ወንድሜ፣ የሞተው ፍሌክሱ ነው እንጂ ቦርዱ ደኅና ነው» አለኝ። «ፍሌክስ ግን ከየት ይመጣል? ይሄ ዕቃ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው።»

ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። በመጨረሻ ከአንድ የሞተ ተመሳሳይ ቀፎ ነቅሎ ገጠመልኝ። ባትሪው ስላበጠ በሌላ ኃይል አያይዞ አበራው። ስክሪኑ ብልጭ አለ። በብሉቱዝ ወደ እኔ ስልክ ሲልከው ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። አሥራ ስድስት ዓመት በላይ የጠበቅነው ነገር ጠቅላላ ክብደቱ 41 ኪሎባይት ነበር።

በትልቁ ስክሪኔ ላይ ስዘረጋው ደነገጥኩ። ፊቷ የለም። ቡናማና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ብቻ ተደርድረው ይታያሉ። የጭሱና የነጠላው ድንበር አይለይም። «ይህን ነው ስንጠብቅ የኖርነው?» አልኩ። ጠጋኙ ስልኬን ከእጄ ተቀብሎ ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሳነሰው፤ የክብሪት ቀፎ አከለ። ያን ጊዜ አያቴ መጣች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ከንፈሯን ለተቃውሞ እንደከፈተች፣ አንድ እጇ ጀበናው ላይ ነው።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ያ ትውልድ ስልክ በካሜራው ጥራት ከተመዘነ ይወድቃል፤ በክብደቱ ከተመዘነም በሦስት ዓመት ውስጥ ተበልጧል። በሐሳቡ ሲመዘን ግን ትክክል ነበር። ፎቶግራፍ ከአልበም ወጥቶ ደብዳቤ እንደሚሆን ቀድሞ አውቋል። ስሕተቱ ደብዳቤ ሁሉ በዕለቱ ይደርሳል ብሎ ማሰቡ ነው። መንገዱ በተዘጋበት አገር ምን እንደሚሆን አልታሰበበትም፤ ጠባቡ ማከማቻ፣ የማይጋሩት ገመድና የሚበጠሰው ፍሌክስ ሁሉ የዚያ አለማሰብ ልጆች ናቸው። ዕቃው ለተሠራበት አገር ጥሩ ነበር። ለእኛ ግን ግማሹን ብቻ ሠራ፤ አነሣ እንጂ አላደረሰም።

አንባቢዬም በመሳቢያው የተኛ እንዲህ ያለ ቀፎ ካለው፣ ለቆራሌው ከመስጠቱ በፊት አንድ ጠጋኝ ቢያሳየው እመክራለሁ። ፍሌክስ አሁንም ከሞቱ ቀፎዎች ይነቀላል፤ ነገ ግን የሚነቀልበትም፣ የሚነቅለውም ላይገኝ ይችላል። ፎቶውን ሲያገኝም አያስፋው። በተሠራበት መጠን ይየው።

የእኛን ፎቶ በዚያው ዕለት ለአክስቴ ላክሁላት። ዛሬ መላክ ምንም አይደለም፤ ከመቅጽበት ደረሰ። ማየቷን የሚያመለክተው ምልክት ታየ፤ ለረጅም ጊዜ ግን መልስ አልመጣም። ሲመሽ ደወለች። እንደ ወትሮው ሁሉንም ጠየቀች፤ ልጆቹን፣ የቤት ኪራዩን፣ የእናቴን ጉልበት። ስለ ፎቶው የተናገረችው በመጨረሻ ነው።

«ነጠላዋን ሳታስተካክል አነሣኋት አይደል?» አለች።